በሁለት ልምምድ መካከል

ያን ጊዜ ሳስበው መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ሩጫው አይደለም። ደረጃ መውጣት አቅቶኝ መቆሜ ነው። እህቴ የተከራየችው ቤት የካ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ዳገቱ ላይ ነበር፤ ከመንገዱ ወደ ግቢው በር የሚያደርሱ አሥራ አንድ የድንጋይ ደረጃዎች አሉት። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ክለብ ይዤ የምሮጥ አትሌት ነኝ። ጠዋት እንጦጦ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ሮጫለሁ። አመሻሽ ላይ ግን ስድስተኛው ደረጃ ላይ ቆሜ፣ ግንቡን በአንድ እጄ ይዤ፣ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። ጎረቤት ሲያልፍ ስልኬን የማይ እመስላለሁ።

የመጣሁት ከሰሜን ሸዋ ነው። ላምበረት ከአውቶቡስ ስወርድ የተቀበለችኝ በአባቴ በኩል የሆነች ታላቅ እህቴ ናት። በአሥራ ስድስት ዓመት ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። ባል የላትም፣ ልጅም አልወለደችም። ሾላ ገበያ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ቅመማ ቅመም የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለቻት። ልታስተምረኝ ነበር ያመጣችኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አልሆነም፤ በትምህርት ቤት ውድድር ላይ ያዩኝ አንድ ሰው ግን ለሙከራ ወደ ክለቡ ላኩኝና ተያዝኩ።

ክለቡ ትንሽ ነው፤ ስሙን ብናገር የሚያውቀው ሰው ብዙ አይደለም። ከሩቅ አገር ለመጡት ልጆች ቤት ተከራይቶላቸዋል። አዲስ አበባ ዘመድ ያለን ደግሞ ከዘመዶቻችን ጋር እንድንኖር ነበር ደንቡ። ያኔ ዕድለኛ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ ስድስት ሆኖ አንድ ክፍል ውስጥ ከመታጨቅ የእህት ቤት ይሻላል ብዬ።

አሰልጣኛችን ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ድሮ የስፖርት አስተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው። አንድ ጉልበታቸው በደንብ ስለማይታጠፍላቸው ቁልቁለት ሲወርዱ በጎን በጎን ነው። ብዙ አይናገሩም። የሳምንቱን ፕሮግራም እሁድ ከሰዓት በቴሌግራም ይልኩልናል። በአንዱ ቀን ጫካ፣ በአንዱ ዳገት፣ በአንዱ ከከተማ ወጣ ብሎ አስፋልት፣ በመሀል በመሀሉ ቀላል ሩጫ፣ እሁድ እረፍት። እኔ ያንን ከስልኬ ላይ በደብተር እገለብጠውና እንደ ሐኪም ትእዛዝ አጠናዋለሁ። ችግሩ፣ ሁለት ፍሬ ዋጪ ስትባል አራት የምትውጥ ዓይነት በሽተኛ ነበርኩ። ሃምሳ ደቂቃ ካለ ሰባ እሮጣለሁ። ስምንት ጊዜ ዳገት ካለ፣ ሌሎቹ ወደ መኪናው ሲሄዱ እኔ ጫማዬን የማስር መስዬ ወደ ኋላ እቀርና ሁለት እጨምራለሁ። እሁድ እህቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ ከግቢያችን ጀርባ ያለውን አቀበት እየወጣሁ እየወረድኩ አሥር ጊዜ እመላለስበታለሁ። ከፕሮግራሙ ሊገኝ የሚችለውን ሁሉ አሟጥጬ መውሰድ ነበር የምፈልገው። ሌላው ሰው ያልወሰደው ትርፍ ያለ ይመስለኝ ነበር።

አብራኝ ወደ ክለቡ የገባች፣ ከወለጋ የመጣች ረጅም ልጅ ነበረች። ስንገባ እኩል ነበርን። በዓመቱ እሷ ከፊት ካሉት ጋር ስትሮጥ እኔ ወደ ጭራው ወርጄ ነበር። አንድ ቀን የክለቡ ሰርቪስ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጬ ጠየቅኳት።

«ትናንት ከሰዓት ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

«ተኛሁ።»

«ከዚያስ?»

«ተነስቼ በሶ ጠጣሁ። ከዚያ ደግሞ ጋደም አልኩ።»

«ፕሮግራሙ ሃምሳ ደቂቃ ሲል ሃምሳ ብቻ ነው የምትሮጪው?»

ግራ ገብቷት አየችኝ። «ሃምሳ ነው ያሉት። ስልሳ ቢፈልጉ ስልሳ ይሉ ነበር።»

ሰነፍ ናት ብዬ አሰብኩ። ሰነፍ ሆና እንዴት እንደምትበልጠኝ ግን ሊገባኝ አልቻለም።

የእኔ ከሰዓት ሌላ ነበር። ከልምምድ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሾላ እወርዳለሁ። ቱታዬን እንኳ ሳልቀይር ሽርጥ ከላይ አሥሬ ሱቁ ውስጥ እገባለሁ። እህቴ ጠዋቱን ብቻዋን ቆማ ስለምትውል እኔ ስደርስ ፊቷ ይፈታል፤ ያንን ፊት እያዩ ደክሞኛል ማለት አይቻልም። እህል እለቅማለሁ፣ እነፋለሁ፣ ለደንበኛ እመዝናለሁ። ከምሳ በኋላ ወፍጮ ቤት እሄዳለሁ፤ ጆንያውን በጀርባዬ ተሸክሜ፣ ተራ ጠብቄ፣ የተፈጨውን ይዤ እመለሳለሁ። በርበሬ በሚፈጭበት ቀን ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ቆሞ መተንፈስ ራሱ ሥራ ነው። አፍንጫዬን በሻርፕ አስሬ እንኳ እስከ ማግስቱ ጠዋት አስለኛለሁ። ያች የወለጋ ልጅ ገና ስንጀምር ጫካ ውስጥ ከኋላዬ ስትሮጥ፣ «ላብሽ ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል» ትለኝ ነበር። ልታስቀይመኝ ፈልጋ አልነበረም። እኔ ግን አፍር ነበር። ሥራዬን ለማንም አልነገርኩም። ክለቡ ውስጥ ሌላ ሥራ ያለው ልጅ በሩጫው የማይተማመን ተደርጎ ነው የሚታየው።

እንጦጦ ላይ ተከታትለን ነው የምንሮጠው። ፊት ያለው በባሕር ዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዘ መንገድ ያወጣል፤ ከኋላው ያለው የፊተኛውን እግር እያየ እሱ በረገጠበት ይረግጣል። ሥር አለ፣ ድንጋይ አለ፣ ቅጠል የሸፈነው ጉድጓድ አለ፤ ስለዚህ ዓይን ከፊት ካለው እግር ላይ አይነሳም። ደህና ስትሆኚ ያ እግር ይስብሻል፤ መሮጥሽን እንኳ ትረሺዋለሽ። እኔ ግን በዚያ ክረምት መጨረሻ ላይ፣ ከፊቴ ያለው እግር እየራቀ ሲሄድ በየቀኑ ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነበር። ከዚያ ከሠላሳ። በኋላ ማሟሟቂያው ላይ ራሱ ጭኔ እንደ እርጥብ ጆንያ ይከብደኝ ጀመር።

መፍትሔ ያልኩት ምን እንደሆነ መናገር ያሳፍረኛል። ሌላ ተጨማሪ ልምምድ ጨመርኩ።

አሰልጣኙ አይተውኛል። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ የልብ ምታችሁን ቁጠሩ ይሉን ነበር፤ ሲጠይቁኝ ዝቅ አድርጌ እነግራቸዋለሁ። ያመሻል ወይ ሲሉኝ ደህና ነኝ እላለሁ። አንድ ቀን ሁላችንንም ሰብስበው፣ «የሮጣችሁትን እኔ አውቀዋለሁ፤ ቆሜ አይቼዋለሁ። ከአራት ሰዓት በኋላ የሆነውን ጻፉልኝ። ምን እንደበላችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ፣ በእግር የት እንደሄዳችሁ» አሉ። ደብተሩ በየሳምንቱ ዓርብ ይታያል።

እኔ ጻፍኩ። «ምሳ በላሁ። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ተኛሁ። መጽሐፍ አነበብኩ።» የጻፍኩት ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ፣ ጆንያው ላይ ተቀምጬ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ሾላ መላወሻ የለውም። ጾሙ ሰኞ ሊገባ የሐሙስ ዕለት ነው፤ እኔ ከወፍጮ ቤት የሽሮ ጆንያ በጀርባዬ ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በሰው መሀል እየተጋፋሁ ወደ ሱቁ ስቃረብ እህቴ ከአንድ ደንበኛ ጋር ስታወራ ሰማሁ። ጆንያውን አውርጄ ቀና ስል አሰልጣኙ ናቸው። በአንድ እጃቸው ፌስታል፣ በሌላው ባለቤታቸው የጻፈችላቸው የምትመስል ብጣሽ ወረቀት ይዘዋል።

«ግማሽ ኪሎ ምጥን ሽሮ» አሉ። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው።

እህቴ አታውቃቸውም። «ትኩሱን ልስጥዎት ጋሼ፤ አሁን ነው ከወፍጮ የወጣው» አለች።

«ይሄ ስንት ኪሎ ነው?» አሉ፣ ወደ ጆንያው በአገጫቸው እየጠቆሙ።

«ሃያ አምስት ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ሳታርፍ ነው የምታደርሰው። ዛሬ ሦስተኛዋ ነው። ሯጭ እኮ ናት።»

«ሯጭ ናት?»

«አዎ፣ ክለብ አላት።»

«ጎበዝ ናት?»

እህቴ ሽሮውን እየመዘነች ሳቅ አለች። «እሱን እንጃ። በቴሌቪዥን ገና አላየኋትም።»

እሳቸው ከፍለው፣ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው በዚያ አካሄዳቸው በሰው መሀል ገቡ። እኔን እንደሚያውቁኝ አንድ ቃል አልተናገሩም። እስከ ማታ ድረስ የመዘንኩት ሁሉ ተሳሳተብኝ።

በማግስቱ ዓርብ ቀላል ሩጫ ነበር። ሌሎቹን አስቀድመው ለቀቁና እኔን አስቀሩኝ። እንጦጦ ላይ ያ ሰዓት ይበርዳል፤ የሹራባቸውን ዚፕ እስከ አንገታቸው ዘግተው ነበር። ደብተሬን ገለጡ።

«ከሰባት እስከ ዘጠኝ ተኛሁ ይላል» አሉ።

ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጡኝም።

«ሽሮው ግን ጥሩ ነው።»

ማልቀስ ፈለግኩ፤ አላለቀስኩም። እሳቸው ደብተሩን ዘግተው መለሱልኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሲቀመጡ ያን ጉልበታቸውን ፊት ለፊት ዘርግተው ነው።

«እኔ ፕሮግራም የምጽፈው ለሚተኛ ሰው ነው» አሉ። «ሌላ ዓይነት መጻፍ አልተማርኩም። ሩጫው ሰውነትን ይሰብራል። የሚጠግነው እንቅልፍና ምግብ ነው። ሰው የሚጠነክረው ሲጠገን እንጂ ሲሮጥ አይደለም። አንቺ ስብራቱን ብቻ ነው የምትወስጂው፤ እሱንም አስጨምረሽ። ሁለቱን ተጨማሪ ዳገት የማላይ ይመስልሻል?»

«መጠንከር ፈልጌ ነው።»

«ገብቶኛል። ከነገ ጀምሮ ግማሹን ነው የምትሠሪው። ነገ ቅዳሜ ፍጥነት አለ፤ አንቺ አትመጪም። ታርፊያለሽ።»

አሁን ሳስበው ሰውየው በደግነት ነበር የተናገሩት። ያን ቀን ግን የሰማሁት ሌላ ነው። ሥራዬን አዩ፣ ተሸካሚ መሆኔን አዩ፣ ተስፋ ቆረጡብኝ፣ ቀስ አድርገው እያስወጡኝ ነው ብዬ ነው የተረዳሁት። ቤት እስክደርስ ድረስ በልቤ ስከራከራቸው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እህቴ ገበያ ስትወርድ አሞኛል አልኳት። የጾም መያዣ ቅዳሜ ነው፤ በዓመት ውስጥ ከሁሉም የበለጠ ሰው የሚመጣበት ቀን። ፊቷ ቢከፋም «ተኚ በቃ» ብላ ሄደች። እኔ ግን ጫማዬን አሠርኩ። ከግቢያችን ጀርባ ያለውን አቀበት ይዤ፣ በባሕር ዛፉ መሀል ሽቅብ ወጣሁ። ብቻዬን ነበርኩ። እኛ ዘንድ ብቻውን የሚሮጥ ሰው አይወደድም፤ ጉልበቱን ከሰው የሚደብቅ ይመስላል። የሰኞውን የጫካ ሩጫና የማክሰኞውን ዳገት አንድ ላይ ልሠራ ነበር ሐሳቤ። ለማን ላሳይ እንደፈለግኩ አላውቅም። የሚያየኝ ሰው አልነበረም።

ዳገቱን አምስተኛ ጊዜ ስወጣ ጆሮዬ ውስጥ የወፍጮ ድምፅ የመሰለ ነገር ተነሳ። ቀጥሎ የማስታውሰው ቅጠሉ ላይ ተቀምጬ እንደነበር ነው። ለመነሳት ሞከርኩ፤ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ሕመም የለውም። ዝም ብሎ እንቢ አለ። አንድ ትልቅ ሰው፣ የጫካው ጥበቃ፣ ዱላቸውን ይዘው መጡና «ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ። ስልኬን ሰጠኋቸው። እህቴ ጋ የደወሉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በክንዴ ይዘው፣ በየአሥር እርምጃው እያሳረፉ አስፋልቱ ድረስ አወረዱኝ፤ ታክሲው እስኪመጣም ከአጠገቤ አልተለዩም።

እህቴ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ነው የመጣችው። ጣቶቿ እስከ ጥፍሯ ድረስ በበርበሬ ቀልተዋል። ኋላ ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሱቁን ማን ይዞ ነው?» አልኳት።

«ዘጋሁት።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

ከዚያ ነገርኳት። ጠዋት ስነሳ እግሬ መሬት ሲረግጥ ምን እንደሚሰማኝ፣ ደረጃው ላይ እንደምቆም፣ ደብተሩ ላይ እንደምዋሽ፣ ሐሙስ ሽሮ የገዙት ሰውዬ ማን እንደሆኑ። እሷ ጋ ስኖር ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ድካሜን ነግሬያት አላውቅም። እሷም የእሷን አልነገረችኝም።

ስለ አሰልጣኙ ስሰማ ዓይኗን ጨፈነች። «ሃያ አምስት ኪሎ ትሸከማለች ብዬ ጉራዬን ስቸረችር ዝም አሉኝ?»

«ዝም አሉ።»

«እኔ እኮ ጠዋት ሮጠሽ ስትመጪ ሥራሽን ጨርሰሽ የምትመጪ ነው የሚመስለኝ» አለች። «ሌላው ሰው ቢሮ ውሎ እንደሚመለስ። ከዚያ በኋላ ያለው እንደኔው ነው፣ መዋል ነው።»

«አዎ፣ ጨርሼ ነው የምመጣው።»

«ምኑን ጨረስሽው።»

ቤት ልንደርስ ስንል፣ ወደ መስኮቱ እያየች፣ «ብትነግሪኝም ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም» አለች። «ያላንቺ እጅ ሱቁ አይሄድም። እውነቱ እሱ ነው።» በዚያ ቀን ከተነገረኝ ሁሉ ደስ ያለኝ ይሄ ነው። አላባበለችኝም።

እሁድ ከሰዓት ስልኬን ተቀብላ ራሷ ደወለችላቸው። ድምፁን ከፍታው ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«አሰልጣኝ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይቺ ልጅ ትሮጣለች ወይስ አትሮጥም? የማትሮጥ ከሆነ ጊዜዋን አታባክን፤ ሱቁ አለ።»

«አላውቅም» አሉ።

«እንዴት አያውቁም? ሁለት ዓመት ይዘዋት?»

«ተኝታ አይቻት አላውቅማ። አንድ ስድስት ወር ትተኛና ያን ጊዜ እነግርዎታለሁ።»

እህቴ ስልኩን ዘግታ መለሰችልኝ። «ለወፍጮው ተሸካሚ እቀጥራለሁ» አለች። «ከሰባት እስከ ዘጠኝ ደግሞ ትተኛለሽ። ቤት ድረስ መመላለስ ድካም ነው። እዚያው።»

እዚያው ማለት ሱቁ ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ኋላ፣ ጆንያዎቹ ላይ ነው። የአተርና የሽንብራውን ጆንያ አስተካክላ ደረደረች፣ ብርድ ልብስ አነጠፈች፣ ፊት ለፊት አሮጌ መጋረጃ ሰቀለች። መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ የሚባል አልመጣም። ሾላ በቀን ሰባት ሰዓት ላይ የሚተኛበት ቦታ አይደለም። የታክሲ ረዳት ይጮሃል፣ ሰው ዋጋ ይከራከራል፣ የሚዛኑ ብረት ይንኳኳል። ጣሪያውን እያየሁ እጋደማለሁ። አሰልጣኙ «ባትተኚም ተጋደሚ» ስላሉኝ ተጋድሜ እውላለሁ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን እህቴ ትከሻዬን ስትነካኝ ነቃሁ፤ አሥር ሰዓት አልፏል። ደንግጬ ስነሳ፣ «ዘጠኝ ላይ ልቀሰቅስሽ ነበር፤ አስጠላኝ» አለችኝ።

ይሄ ነገር በነፃ የመጣ እንዳይመስል። እኔ ስተኛ እሷ ለሁለት ሰው ትቆማለች። ማታ እግሯን ባልዲ ውስጥ ነክራ ስትቀመጥ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ፣ የካልሲው ጠርዝ ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ አያለሁ። ለተሸካሚው የምትከፍለውም ከራሷ ነው። አንዳንድ ቀን ትቆጣለች፤ ደንበኛ በዝቶባት መጋረጃውን ገልጣ «በይ ተነሺ» የምትለኝ ቀን አለ፤ እነሳለሁ። ደብተሬ ላይ እውነቱን መጻፍ ጀምሬ ነበርና፣ «ዛሬ አልተኛሁም፤ እህቴ ተናዳብኝ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። አሰልጣኙ ያንን አንብበው የማግስቱን አስፋልት ሰረዙልኝ። ለእሳቸው የእህቴ ንዴትም የልምምድ አካል ነበር።

ለውጡ በአንድ ቀን አልመጣም። እንዲያውም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት የባሰ ደከመኝ፤ ሰውነቴ ፈቃድ ያገኘ ይመስል ያጠራቀመውን ሁሉ ያወጣው ጀመር። ሌሎቹ የሚሠሩትን ግማሽ እየሠራሁ፣ ሰርቪሱ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ስጠብቃቸው፣ ልጆቹ የታመምኩ መስሏቸው ነበር። ክለቡ ጥሎኝ ቢሆን የሚገርም አልነበረም። ከዚያ ቀስ በቀስ አሥር ደቂቃ ተጨመረልኝ፣ ሌላ አሥር ደቂቃ።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ሰኞ፣ ጭጋጉ እንጦጦን እስከ ታች ሸፍኖት፣ ከፊቴ ያለው እግር ብቻ ነበር የሚታየኝ። ስንጨርስ ያ እግር እዚያው ነበር። አልራቀም። ምንም የተለየ ነገር አልተሰማኝም፤ ደክሞኝ ነበር፤ ግን ሌላ ዓይነት ድካም ነው፣ መጨረሻ ያለው። ያች የወለጋ ልጅ ጭቃውን ከጫማዋ እያራገፈች፣ «ዛሬ እስከ መጨረሻው ሸተትሽኝ» አለች። ጆንያ ላይ ስለምተኛ ሽታው ብሶብኝ ነበር። ሁለታችንም ሳቅን።

በዚያ ዓመት በክለቦች የአገር አቋራጭ ውድድር ስምንተኛ ወጣሁ። ከዚያ በፊት ከመጀመሪያዎቹ ሃያ ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር። ለብሔራዊ ቡድን የሚመረጡት ስድስት ናቸው። የወለጋዋ ልጅ ሁለተኛ ወጥታ ተመረጠች።

ከውድድሩ በኋላ በነበረው ሳምንት፣ ከመጋረጃው ኋላ ተጋድሜ፣ ግማሽ እንቅልፍ ላይ እያለሁ፣ የማውቀው ድምፅ ግማሽ ኪሎ ምጥን ሽሮ ሲል ሰማሁ።

«ስድስት ወሩ አለፈ እኮ» አለች እህቴ። «ተኝታ አዩዋት። ምን አሉ?»

«አሁንም ተኝታለች?»

«ተኝታለች።»

ሚዛኑ ሲንኳኳ ሰማሁ። ከዚያ አሰልጣኙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጥሩ ሯጭ ናት» አሉ። «በጣም ጥሩ አይደለችም። ጥሩ ናት።»

እህቴ፣ «ጥሩ ማለት ምን ያህል ነው?» አለች።

«ደመወዟን የምታገኝበት ያህል። ጥቂት ዓመት። ሌላ አገር ሄዳ ቤት የምትሠራበት አይደለም። ይሄን ልዋሽዎት አልችልም።»

«ገባኝ» አለች እህቴ። «ትንሽ ጨምሬልዎታለሁ።»

እኔ ጣሪያውን እያየሁ ቀረሁ። መናደድ፣ ማዘን ነበረብኝ መሰለኝ፤ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩት። የመጣው ግን እፎይታ ነው። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስምንት ዓመት ሙሉ ምን እንደሆንኩ ሳላውቅ፣ ከሚገባኝ በላይ የሆነ ነገር እያሳደድኩ ነበር የሮጥኩት። አሁን መጠኔን የሚያውቅ ሰው ነገረኝ። ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁ። ማታ እህቴ የተባለውን ስትነግረኝ እንዳልሰማ ሆኜ አዳመጥኳት፤ ልታለሳልሰው አልሞከረችም፣ ቃል በቃል ነው የነገረችኝ።

ሌላ አራት ዓመት ሮጥኩ። አንድ ጊዜ ስድስተኛ ወጥቼ ተመርጫለሁ። ከደመወዜ እህቴ ለቀጠረችው ተሸካሚና በኋላ ለጨመረችው አንድ ሻጭ የምትከፍለውን እጋራት ነበር፤ ይሄ የማን ሐሳብ እንደነበር አሁን አላስታውስም። ከዚያ ተረከዜ ላይ ያለው ጅማት ጠዋት ጠዋት ያመኝ ጀመር። አንዱን ወቅት በሕክምና፣ አንዱን በተስፋ አሳለፍኩት። ክለቡ በጀት ሲቀንስ ከሚሸኙት ልጆች አንዷ እኔ ሆንኩ።

ያንን የነገሩኝ አሰልጣኙ ራሳቸው ናቸው። ደብዳቤው ሳይደርሰኝ ከእሳቸው እንድሰማው ፈልገው ነው። ሌሎቹን በሰርቪሱ ሰደዱና ሁለታችን ከእንጦጦ ቁልቁል በእግር ወረድን። እሳቸው በጎን በጎን፣ እኔ ተረከዜን እያሳረፍኩ፤ ማን ማንን እንደሚጠብቅ አይታወቅም። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው።

«ከመጀመሪያው፣ ስመጣ ጀምሮ ብተኛ ኖሮስ?»

ቆሙ። ጉልበታቸውን አሸት አሸት አደረጉ።

«አላውቅም» አሉ። «እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ልጆች ፕሮግራሜን ሲሠሩ አይቼ፣ አልሆነም ስል ሸኝቻለሁ። ከልምምድ በኋላ ምን ሲሠሩ እንደሚውሉ የጠየቅኩት አንቺ ከመጣሽ በኋላ ነው። የሸኘኋቸው ስንቶቹ ከወፍጮ ቤት ይመጡ እንደነበር ማን ያውቃል። እሱን ሳስብ ይደክመኛል።»

ታች አስፋልቱ ጋ ደርሰን ታክሲ ጠበቅን። ያ ሰዓት ይጨናነቃል፤ አንዱ ሞልቶ ያልፋል፣ ሌላው ሞልቶ ያልፋል። በመጨረሻ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ መጣ። ይግቡ አልኳቸው። አንቺ ግቢ አሉኝ። ረዳቱ «ኧረ ወስኑ» አለ። እሳቸው ገቡ፤ በሩ ሲዘጋ በመስታወቱ በኩል እጃቸውን አነሱልኝ። እኔ ሌላ ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ በኋላ ግን መንገዱን ይዤ ቀስ እያልኩ በእግሬ ወረድኩ።